የወጥ ቤቱ ቧንቧ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ለምን አልነገርሽንም?» እንዳልባል ነው። የወደደ ሰው አይቀናም የሚሉ አሉ፤ እኔ እነሱን ያየኋቸው ሲያወሩ እንጂ ሲወዱ አይደለም።

ተስፎምን ያወቅሁት ብርድ አገናኝቶን ነው። ሮም ውስጥ የምንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራ ቤት፣ ክፍሉንም ውሃውንም የሚያሞቀው ካልዳያ በጥር ወር ቀጥ አለ። ሊጠግን የመጣው ልጅ የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ «ሐበሻ ነሽ አይደል?» አለኝ፣ ጥርት ባለ የመርካቶ አማርኛ። ቤተሰቦቹ አሥመሬዎች ናቸው፤ ያደገው ግን አዲስ አበባ ነው። የአሥር ደቂቃው ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ሲኞራዋ እንኳን ገብቷቸው ኖሮ፣ በማግስቱ «ካልዳያው ዛሬስ አልተበላሸም?» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር።

ዓመት አልፎ ሰርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቤት ተከራየን። ማሞቂያዋ አርጅቶ ተነቅሏል። አከራዩ አዲሱን እናንተ ምረጡ አሉን።

«ሁለት ሰው ነን፤ መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነው፤ የውሃው ግፊትም ጥሩ ነው» አለ ተስፎም። «ኮምቢናታ ይበቃናል። ውሃ አያጠራቅም፤ ቧንቧውን ስትከፍቺ ያኔውኑ ያሞቅልሻል። ባለ በርሜሉ ግን ግማሽ ወጥ ቤት ይወስድብናል።»

«እንከኑስ?»

«ባንድ ጊዜ በደንብ የሚያገለግለው አንድ ሰው ነው። አንዱ ገላውን እየታጠበ ሌላው ወጥ ቤት ሙቅ ውሃ ከከፈተ፣ የታጣቢው ይቀዘቅዛል።»

«ባንድ ጊዜ አንድ ሰው? ከስንቱ ወንድ ይሻላል!» አልኩት። ሳቀ። እኔም ያን ቀን ለቀልድ ነበር።

ግን ያላየሁትን አላምንምና «የገጠምከውን አንድ አሳየኝ» አልኩት። መሬት መሬት አየ።

«አሎራ… እንግዲህ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አንድ አለ።»

በሩን የከፈተችልን ዳኒኤላ የምትባል ሮም ተወልዳ ያደገች የአሥመሬዎች ልጅ ናት። ቆንጆ ናት፣ ምን ላድርግ! «ተስፉ!» ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ ከዚያ እኔን። እኔ እጮኛው እንኳን ተስፉ ብዬው አላውቅም።

«ሕሊና፣ አንቺ መታጠቢያ ቤት ግቢና እጅሽን ከውሃው ሥር አድርጊ፤ እኔ ከወጥ ቤት እከፍታለሁ» አለኝ ተስፎም።

ውሃው ሞቀ። ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ። «ቀዘቀዘ!» ብዬ ጮህኩ። ከወጥ ቤት የሚሰማኝ ሳቅ ብቻ ነበር። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ ቆምኩ፤ የዚያኛው ቧንቧ አልተዘጋም።

ስወጣ ዳኒኤላ ብርጭቆ እያጠበች ታቀብለዋለች፤ እሱ እያደረቀ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ትንንሾቹን ከላይ፣ ረጃጅሞቹን ከታች። የቱ የት እንደሚቀመጥ አንዴም አልጠየቀም።

እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ ከፊቱ ከፊቱ ሄድኩ።

«ስንት ዓመት ኖርክ?» አልኩት እዚያ ስንደርስ።

«የት?»

«ብርጭቆዎቹ ያሉበት ቤት።»

ትራሙ መጣ፤ አልተሳፈርንም። ተስፎም ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ።

«ሁለት ዓመት። አንቺን ከማወቄ በፊት። ልነግርሽ ነበር፣ ፈራሁ።»

«ካልዳያውንስ ለራስህ ነበር የገጠምከው?»

«ለራሴ መስሎኝ ነበር።»

ይቺ መልስ ከሁሉ በላይ አመመችኝ። እኔ የምፈልጋትን ቤት አንዴ ከሌላ ሰው ጋር አስቧት ነበር ማለት ነው።

«ለምን ተለያያችሁ ታዲያ?»

«ስትናደድ አትናገርም። እኔ ገላዬን ስታጠብ ጠብቃ ወጥ ቤት ሙቅ ውሃውን ትከፍተዋለች። በጥር! ‹ዳኒኤላ!› እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት። ፎቁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስሟን ያወቀው በኔ ጩኸት ነው።»

ልስቅ አልፈለግሁም ነበር፤ ሳቄ አመለጠኝ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ስም ሲጮህ የኖረ ምላስ ይረሳል?

በማግስቱ «ባለ በርሜሉ ይሁን» አልኩት።

«ቦታ የለንም እኮ።»

«አልጋውን እናውጣዋ!»

አልተከራከረኝም። ጠመኔ አውጥቶ የበርሜሉን ልክ ወጥ ቤታችን ወለልና ግድግዳ ላይ ሣለው። ልክ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንበላበት ጠረጴዛ ሊገባ በነበረበት ቦታ።

«ቤቱ ያንቺም ነው። ይሁን ካልሽ እገጥመዋለሁ» አለኝ።

የጠመኔው መስመር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ ልናስቀምጥ ያሰብኩት በርሜል ሳይሆን ዳኒኤላን ነበር፤ በገዛ እጄ፣ በኔና በሱ መካከል፣ ዕድሜ ልክ።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ኮምቢናታህን ግጠም» አልኩት፣ ጠመኔውን በጫማዬ እየጠረግሁ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ጠረጴዛው ገባ። በጋው አለፈ፣ ብርዱ መጣ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተስፎም እየታጠበ ሳለ ጠረጴዛው ላይ የተወው ስልኩ ጮኸ። አየሁት። «ዳኒኤላ ካልዳያ» ይላል። ለካልዳያው ዓመታዊ ምርመራ እንደምትደውል አውቃለሁ፤ ወር ሙሉ ደንበኛው ሁሉ ሲደውል ነው የከረመው። ጭንቅላቴ ያውቃል። ሆዴ ግን ጭንቅላቴን መቼ ሰምቶ ያውቃል?

ስልኩ ዝም አለ። እኔ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አየሁት።

ልቀጣው አልነበረም፣ እውነቴን ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ባሌ መጠጥ አይቀምስም፤ እኔ ያለኝ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነበር። በዚያ ብርድ ድንገት ሲነካው የሚወጣው ስም የልቡ ነው። የሷን ቢጠራስ? ቢጠራ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ሳላውቅ ግን መኖር አልቻልኩም።

ሙቁን ከፈትኩት።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ሕሊናአአ!»

ግድግዳው አስተጋባ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን መስኮታቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ። ይክፈቱ፤ ስሜን ይወቁት።

ቧንቧውን ዘጋሁና፣ እንባዬ እየወረደ፣ እየሳቅሁ፣

«ወዬ!» አልኩት።