ከአንድ እናት፣ በሁለት ገንዳ

ዶክተር ባምላክ የሞቱት በማለዳ፣ እጃቸውን ዓሣ ገንዳ ውስጥ እንደ ከተቱ ነው። ረዳታቸው ዜማ ጣና ዳር ካለው የምርምር ቤት ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ በይ አሏት።

ጥበቃው ጋሽ አካሉ ጠጋ አሏት። «መብራቱ ነው የያዛቸው፤ ካንቺ ገንዳ» አሉ። «ስምሽ ተለጥፎበታል።»

ቤቱ ውስጥ ሁለት የመስታወት ገንዳዎች አሉ። የሁለቱም ነጭ ዓሣዎች ከአንድ እናት፣ በአንድ ጊዜ የተፈለፈሉ ናቸው። ዶክተሩ ገና ትንንሽ ሳሉ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ዜማ ምግቡን ከታች ጠጠር ውስጥ ትቀብራለች፣ ባልደረባዋ መልካሙ ደግሞ ከላይ ውሃው ላይ ይበትናል። ሐይቁ ውስጥ አፋቸው የተለያየ ዓሦች አሉ። አንድ ዘር እንደ ኑሮው መልኩን ይለውጣል፣ ከብዙ ትውልድ በኋላም ለውጡ በደም ይጸናል፤ ዶክተሩ ሊያሳዩ የፈለጉት ይህንን ነበር። መልካሙ ግን እንዲህ ያለውን ወሬ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰው ነበር። ዶክትሬቱን ያገኘው ዓሦቹ ከጥንትም የተለያዩ ዘሮች ናቸው ብሎ ነው።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር የብርጓል ደልጊ የተወለደች ነች፤ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት። ያ ለስላሳ ድምፅ ዜማን ከቁጣ ይልቅ አስፈራት።

«የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

«ባለፈው ሳምንት የገንዳዬ ፓምፕ ትንሽ ነዝሮኝ ነበር» አለች ዜማ እንባዋ እየቀደማት። «ለመልካሙ ነገርሁት። ‹ይሠራል፣ ተይው› አለኝ፤ ተውሁት። እኔ ነኝ የገደልኋቸው።»

«የፓምፑ ሽቦ በእርጅና አልተላጠም። በምላጭ የተላጠ ነው።»

ዜማ መጀመሪያ እፎይ አለች። ከዚያ ነገሩ ገባት። ቸልተኛ መባሉ ቀርቶ ነፍሰ ገዳይ ልትባል ነው። ደቅ ደሴት ያለችውን እናቷን አሰበች፤ የቄስ ሚስት ነች፤ ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይኗ ትገባለች?

«ገንዳሽ የትኛው ነው? የግራው ወይስ የቀኙ?»

«እንጃ። ብርሃን እኩል እንዲደርሳቸው ቦታቸውን እናለዋውጣለን፤ እግራቸው ጎማ አለው። ትናንት እኔ ሳልኖር ዶክተሩና መልካሙ ገፍተዋቸዋል። ከሩቅ የምንለያቸው በተለጠፈው ስም ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጥበቃው ዞረች። «ጋሽ አካሉ፣ መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«የለም። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ መልካሙ ቀድሞኝ ቆጣሪውን አጥፍቶታል። እሱን እዚያው ትቼ መኪና ልጠራ ወጣሁ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

መልካሙን አስጠርታ ሦስቱንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። መብራቱ እንደ ጠፋ ነው፤ ዓሦቹ አየር አጥሯቸው ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ዜማ ዓይኗን ከወለሉ ማንሣት አቃታት። መልካሙ እጁን አጣምሮ በሩ ሥር ቆመ።

«ጠዋት ዶክተሩን ማን ጠራቸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ። ከዜማ ዓሦች አንዱ ታሞ አየሁ፤ ነገርኋቸው» አለ መልካሙ።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አንዱን ገንዳ አየች፤ ሄዳ ሌላውንም አየች። «እኔ መንታ ነኝ» አለች እንዳጎነበሰች። «እህቴ ቆላ ድባ ጆንያ ስትሸከም አደገች፤ እኔ እዚህ ከተማ ወንበር ላይ። ከኋላ ያየን ሰው እህትማማች ናቸው አይልም። ዜማ፣ ነይ እዪልኝ። የዜማ ተብሎ የተለጠፈበት ይህ ነው።»

ዜማ ቀረበች። ዓሦቹ ወደ እሷ አፋቸውን ከፈቱ። የሁሉም አፍ ወደ ላይ የዞረ ነበር።

«እነዚህ የእኔ አይደሉም» አለች። «የእኔዎቹ አፋቸው ወደ ታች ነው፤ ከንፈራቸውም ወፍራም ነው። ያኛው ነው የእኔ።»

«ስለዚህ ዶክተሩን የገደላቸው የእርስዎ ገንዳ ነው፣ ዶክተር መልካሙ። ሽቦውን የላጡት በራስዎ ገንዳ ነው፤ እዚያ ሲነካኩ ቢታዩ ማንም አይጠረጥርዎትም። ታሟል ብለው የጠሯቸውም ወደዚያው ነው። ስሙ የተቀያየረው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢሆን ዶክተሩ ዓሦቹን አይተው ያውቁ ነበር። ዜማ ሞቱን ወደ ራሷ አታዞርም። ጋሽ አካሉ መኪና ፍለጋ ወጥተዋል። እዚህ የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ ፓምፑ ዜማን እንደነዘራት የሚያውቁትም እርስዎ ብቻ።»

«ከአንድ እናት የተወለደ ዓሣ በምግብ ምክንያት አፉ አይለወጥም» አለ መልካሙ።

«ይህን ስላመኑ ነው ስም ቀይሮ መሄድ የሚበቃ የመሰለዎት። ከላይ እየበተኑ ይሄዱ ነበር እንጂ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው አላዩም። ይዩ።»

መልካሙ ተጠጋ፤ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አየ። «ዶክተሩ በጥናቴ ሊያሳፍሩኝ ነው ብዬ ነበር» አለ። «እውነታቸውን ነበር።»

ይዘውት ሲወጡ የፖሊሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለት አዲስ ፓምፖች ገጠመና ቆጣሪውን አበራ። «ጨርሻለሁ፤ የጋራ ሶኬታቸውን መሰካት ብቻ ነው» አለ። ዜማ ሶኬቱን አነሣች። ያለፈው ሳምንት ንዝረት ትዝ አላት። ዓሦቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ብትዘገይ ያልቃሉ፣ የዶክተሩም ድካም አብሮ ያልቃል። ዓይኗን ጨፍና ሰካችው። በሁለቱም ገንዳ አረፋው መንደቅደቅ ጀመረ፤ ዓሦቿም ወደ ጠጠራቸው ወረዱ።