መቀነቷን የቆረጠችው ናሆራ

ጠለሞር መንግሥት ከመሆኗ በፊት ዘንዶ የተኛባት ሸለቆ ነበረች። ዛሙራ የሚባሉት ዘላን ጦረኞች ወደ አፋፏ የደረሱት፣ ዕድሜ ልካቸውን የተዋጉለት የካሹር ንጉሥ ጦርነቱ ሲያልቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሂዱልኝ» ስላላቸው ነው። በደረሱበት ማለዳ ነጋሪታቸው ማንም ሳይጎስመው አስተጋባ። ሽማግሌዎቹም «እዚህ ወይ እንኖራለን፣ ወይ እናልቃለን» ብለው ፈቱት። ይህን ለማወቅ እንኳ ነጋሪት ባላስፈለገ ነበር። የውሃው አቁማዳ ሁሉ ደርቋል፤ ሕፃናቱ የሚያለቅሱበት እንባ አጥተዋል፤ ከታች ምንጩ ይንፎለፎላል፤ ምንጩ ላይ ደግሞ ድርጓም የተባለው ዘንዶ ተጠምጥሟል።

ዛሙራዎች ዘንዶውን አልፈሩም፤ የፈሩት መሐላቸውን ነው። በቅጥር የሚዋጉ ናቸውና ከአባቶቻቸው የወረሱት ሕግ «ቀጣሪ ሳይኖር ጦር አይነሣም፤ ቀጣሪውም ከነገዱ አይሁን» ይላል። ይህን ያፈረሰ ሰው ጦሩ በእጁ ላይ አመድ ይሆንበታል።

የአለቃው የጎዳሪ ልጅ ናሆራ እንግዲያው ቀጣሪ ልፈልግ ብላ ተነሣች። አንድ ዓይናውን አንጋፋ ጦረኛ ቦርካን አስከትላ በገደሉ ወርዳ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር አሰሰች። ቦርካ «እረኛም ይሁን ሌባ፣ ብቻ ሰው ይሁን» እያለ ሲያጉረመርም ሄደ፤ ዝም ያለው የዘንዶው ትንፋሽ ካባውን ሲለበልበው ብቻ ነው። ከፍርስራሽና ከአንዲት ጦጣ በቀር ያገኙት የለም። ቦርካ ከጦጣዋ ጋር ድርድር ሊጀምር ምንም አልቀረው።

ሲመለሱ የናሆራ ጨቅላ እኅት በእናታቸው በአሻሬ ጭን ላይ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ተገልብጦ ነበር። ናሆራ ቢላዋዋን አውጥታ ወደ ወገቧ ሰደደች። ዛሙራ ሁሉ ከእናቱ ጠጉር የተገመደ መቀነት ይታጠቃል፤ የቆረጠው እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ ዳግመኛም አይታጠቅም። አሻሬ ነገሩ ገብቷት እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችባትም።

«ስሙኝ» አለች ናሆራ። «ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የማንም ልጅ አይደለሁም። እንግዳ ነኝ። ዘንዶውን እንድትገድሉልኝ እቀጥራችኋለሁ። ደመወዛችሁም ምንጩና ሸለቆው ነው፤ ለእናንተና ለልጅ ልጆቻችሁ።»

ጎዳሪ አባቷ ቢሆንም፣ ሕግ ሕግ ነውና ለማያውቃት ሴት እንደሚሰግድ ዝቅ ብሎ ሰገደ።

«ተቀጥረናል፣ እመቤት።»

ጦሮቹ ተነሡ፤ አንዱም አመድ አልሆነም። ውጊያው እስከ ቀትር ዘለቀ። ድርጓም በመጨረሻ በግንባሩ ሲደፋ ምድር ተናወጠች፤ የደፈረሰውም ውሃ ቀስ በቀስ ጠራ። ጨቅላዋ ከአባቷ መዳፍ ጠጥታ ጮኻ አለቀሰች፤ ልቅሶዋን የሰማ ሁሉ እፎይ አለ። ቦርካ ሳይቀር ወደ ምንጩ ገብቶ እንደ ልጅ ተንቦጫረቀ።

ናሆራን በኋላ ንግሥት ብለው ዘውድ ደፉላት፤ የጠለሞር መንግሥትም ከእርሷ ይቆጠራል። ያን ምሽት ግን ከሰፈሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን የምትነግረው ሰው ግን የላትም።

አሻሬ ትኩስ ጥብስ በገበታ ይዛ መጣች። ልጄ ልትል አፏ ተከፍቶ ተዘጋ።

«እንግዳ ነኝ ብለሻል» አለች። «የዛሙራ ሴት ደግሞ እንግዳ ሳታበላ አታድርም። ይህንንም ሕግ ያወጡት አባቶቻችን ናቸው።»

«ነገስ?» አለች ናሆራ።

«ነገም እንግዳ ነሽ፤ ከነገ ወዲያም። በይ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»