ኋላ የቀሩት ሽማግሌዎች

የምነግራችሁ ልጅ ምስክር ይባላል። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የእኔን የግቢ በር ክፍል ተከራይቶ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ማመልከቻ የሚተይብ ልጅ ነበር። ዘመኑ ሚሊኒየሙ ተከብሮ ያለፈበት፣ መብራት በፈረቃ የሆነበት ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝና የኮምፒውተር ነገር አይገባኝም። ግን ከበሩ ሥር ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ የሁለት ልጆች ፍቅር ከፊቴ ሲበቅል አይቻለሁ። ሲደርቅም አይቻለሁ።

ምስክር ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ከባሕር ዳር በሲዲ ያስመጣው፣ የጥንት ሮማውያን የሚዋጉበት የጦርነት ጌም ነው። ወታደሩን ራስህ ትመርጣለህ፤ ፈረሰኛ ብትል፣ ቀስተኛ ብትል፣ ባለ ጦር ብትል፣ ጀማሪ ጎረምሳ ብትል፣ ብዙ የተዋጋ አንጋፋ ብትል፣ ዝሆን ሳይቀር። ራስህ ታሰልፋለህ። ከዚያ እንግዲህ እንደ ሰልፍህ ታገኛለህ። አንድ ወንዝ ዳር ያለ ጦርነት አልሸነፍ ብሎት፣ ክረምቱን ሙሉ ሰልፍ ሲያፈርስ ሰልፍ ሲሠራ ከረመ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ የትምህርት ወረቀቷን ለኮፒ ይዛ መጣች። ዙፋን ትባላለች። አባቷ አያ ክንዱ ከጅጋ ወረድ ብሎ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ እሷ ከተማ ቤት ተከራይታ ቴክኒክና ሙያ ትማራለች። ዝናብ ያበሰበሰውን ነጠላዋን እየጨመቀች በሩ ላይ ቆመች።

«ኮፒ ታነሳለህ?»

«አንዴ፣ አንዴ ቆይ!» አለ ምስክር ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ቆየች። በትከሻው ላይ አሻግራ፣ ፈረሰኞቹ እንደ ጎርፍ ተግተልትለው ከጠላት ጦር ጫፍ ላይ ሲከመሩ እስከ መጨረሻው አየች።

«ኧረ ፈጀሃቸው!» አለች።

ዘወር አለ። ሊቆጣ ነበር የዞረው። ግን አያትና ማውሱን ለቀቀ። እሷም ዓይኗን ወደ ወረቀቷ ሰበረች።

«ፈረስ ብቻ ሰብስበህ ምን ልትሆን ነው? የጥምቀት ጉግስ መሰለህ?»

«አንቺ ስለ ጦርነት ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔማ ምንም። የሞቱት ግን ያውቃሉ።»

እኔ ዱካዬ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ምስክር ኮፒውን አንስቶ ሲያበቃ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ካልተቀበልከኝ ሁለተኛ አልመጣም አለችው። ተሽቀዳድሞ ተቀበላት።

ከዚያ ወዲያ ወረቀት ባይኖራትም ትመጣ ጀመር። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እሷ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሰልፍ ይሞክራሉ። ቀስተኛ ብቻ አሰለፉ፤ ፍላጻው አለቀና ቀስተኞቹ ባዶ እጃቸውን ቆመው ተያዩ። ባለ ጦር ብቻ አሰለፉ፤ ጠላት በጎን ዞሮ ገባባቸው። ዝሆን ጨመሩ።

«ዝሆኑ የማን ወገን ነው?» አለች ዙፋን።

«የኛ ነዋ!»

ዝሆኑ እሳት ሲወረወርበት በረገገና ዞሮ የገዛ ወገኑን ይረግጥ ጀመር።

«የኛ የነበረው እስኪደነግጥ ነው ለካ!» ብላ ከሳጥኑ እስክትወድቅ ሳቀች። ምስክር ጦርነቱን ትቶ ሳቋን ያያል። እኔ እሱን አያለሁ። ኮምፒውተሩን ማንም አያይም።

ኅዳር ገባ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ሲጀመር፣ ዙፋን አንድ ቀን ሰልፉን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣

«አንተ፣ የኛን አገር ደቦ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ዳቦውን ነው።»

«ቀልድህን ተውና ስማኝ። አባቴ አጫጁን ሲያሰልፍ ጎረምሶቹን ፊት ያስገባል። ይፎካከራሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይደክማሉ። ከዚያ ጎልማሶቹ ይቀበሏቸዋል። ሽማግሌዎቹ ኋላ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሲዝል ነው የሚገቡት፤ እነሱ ናቸው የሚጨርሱት። አንተ ግን የበሰሉትን መጀመሪያ ታስፈጃቸዋለህ። ኋላ አስቀምጣቸው። አታባክናቸው።»

እንዳለችው አደረገ። ጎረምሶቹ ፊት፣ ጎልማሶቹ መሀል፣ ሽማግሌዎቹ ኋላ። ኋለኞቹ ጋሻቸውን ተደግፈው አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ይጠብቃሉ። እኔም ተነስቼ በበሩ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ፊተኞቹ ተገፉ። መሀለኞቹ ያዙ፣ ያዙና ዛሉ። ጠላት ሲያለከልክ ሽማግሌዎቹ ከጉልበታቸው ተነሱ፤ ጠላት ሸሸ።

ምስክር ወንበሩን ገልብጦ ዘለለ፤ እጇን ያዘ። እንደያዘው መብራት ሄደ። ክፍሉ ጭር አለ። ያ ሁሉ የሰይፍ ድምፅ ጠፍቶ የሁለቱ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ናቸው። እኔም ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዞርኩ።

ደስታ ግን እንግዳ ነው፤ ብዙ አይሰነብትም። ብዙም ሳይቆይ ዙፋን ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ከቡሬ ሊጠይቁኝ ነው» አለችው። «እህል ነጋዴ ነው፤ መኪናም አለው። እናቴ ናት ወሬውን በምስጢር የላከችልኝ። ምስክር፣ የምታስበኝ ከሆነ ቀድመህ ሽማግሌ ላክ። አባቴ አንዴ ቃል ከሰጠ ቢገድሉት አይመልስም።»

«እነሱ ሳይነቁ እልካለሁ።»

«ማል።»

«አንቺን ልጣ።»

አፉን በእጇ ያዘችው። «እንዲህ ብለህ አይደለም የሚማለው» አለች።

እንግዲህ የኛን አገር ወግ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ በሄደ ቀን ልጅ አትሰጥም። «ዘመድ እናማክር» ይባልና ቀጠሮ ይቆረጣል። ቀጠሮ ከተቆረጠ በሩ ገርበብ ብሏል ማለት ነው። ካልተቆረጠ ግን ተዘግቷል።

ምስክር ይህን ያውቃል። የመጀመሪያው ቀን እምቢታ ነው፤ ስለዚህ ለእምቢታ ማንን ልላክ ብሎ ራሱን ጠየቀ። እኔንና የሚካኤሉን መሪጌታ ሳያማክር፣ ፀጉር አስተካካዩን አሸናፊንና ሁለት እኩዮቹን መርጦ ለእሑድ ጅጋ ላካቸው።

የሆነውን ኋላ አሸናፊ ነው የነገረኝ። ልጆቹ ከበሩ ደርሰው እጅ ነሱ። አያ ክንዱ ብድግ ብለው ተቀበሏቸውና፣ በነሱ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ መንገዱ አዩ።

«ሽማግሌዎቹ ኋላ እየመጡ ነው?»

«የለም አያ፣ ለዛሬ እኛው ነን» አለ አሸናፊ። «እነሱ ወደፊት ይመጣሉ።»

አያ ክንዱ ተቀመጡ። «እንዲያ ነው። ለኔ በር ለዛሬ ጎረምሳ ይበቃል።»

ጠላ አስቀዱላቸው፤ እህል አቀረቡላቸው። ስለ ዘንድሮ ጤፍ አጫወቷቸው። ስለ ልጅቱ ግን አንድም ቃል ሳይወጣቸው ሸኟቸው። ቀጠሮ አልቆረጡም። ምስክር ግን የመጀመሪያው እምቢታ ነው ብሎ ተጽናና።

በሳምንቱ የቡሬዎቹ መጡ። ፊት ካህኑ መስቀል ይዘው፣ ቀጥሎ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ አዛውንቶች። አያ ክንዱ ቆመው ተቀበሉ። በሁለተኛው ቀጠሮ ቃላቸው ወጣ።

ምስክር ይህን ሲሰማ ሮጦ እኔ ዘንድ መጣ። መሪጌታና እኔ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ወረድን። አያ ክንዱ ከደጅ ድረስ ወጥተው ጎንበስ ብለው ሳሙን። ከመደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልን። ያ ሁሉ ክብር ይበልጥ አስፈራኝ።

«አያ መንበሩ፣ መሪጌታ፣ የመጣችሁበት ገብቶኛል» አሉ። «ልጁን አልጠላሁትም። ሠርቶ የሚበላ ነው ይሉኛል። ግን ሰው ለሚያከብረው በር የሚያከብረውን ሰው ያስቀድማል። እናንተ ከኋላው እያላችሁለት፣ እነዚያን ልጆች ላከብኝ። ምን ልበል? ልጄን እንደ ቀልድ ነው የጠየቃት አልኩ።»

«አላወቀም እንጂ አልናቀም» አሉ መሪጌታ።

«ይሆናል። አሁን ቃሌ ወጥቷል።»

«ቃልማ በሽማግሌ ይመለሳል።»

«እርስዎ ይህን ይሉኛል መሪጌታ? ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁ? ከአፌ ከወጣ ወዲያ የኔ አይደለም።»

ከጓዳ በኩል አንድ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። የዙፋን እናት እማዋይሽ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ ሲያባብሉ ሰማን። የሚያባብሉት ስለ ተሰበረው ዕቃ አልነበረም።

ምስክር መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ከመኪና ስንወርድ ፊታችንን አየና አልጠየቀም። ከግቢዬ ደርሰን መሪጌታ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረው።

«አያ፣ የመጀመሪያው ቀን እንደሁ እምቢታ ነው። እምቢታውን እነ አሸናፊ ይቀበሉልኝ፤ አንጋፋዎቹ ለመጨረሻው ይሁኑልኝ፤ አላባክናቸው ብዬ ነው።» ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ዞሮ አየ። «በጨዋታው እንዲያ ነው ያሸነፍነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰልፉ የማን እንደነበረም ትዝ አለኝ። እሱም እንደገባኝ አውቆ የጋቢዬን ጫፍ ያዘ።

«በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ለእሷ እንዳይነግሩብኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ትላለች። እድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች።»

ቃል ገባሁለት።

ከሠርጉ በፊት አንድ ጊዜ መጣች። ምስክር ያንኑ ሰልፍ ከፍቶ፣ ጦርነቱን ሳይጀምር ዝም ብሎ ያየው ነበር። አስፋልቱን ስትሻገር አያትና ስክሪኑን ቶሎ አጠፋው። ሳጥኑ ላይ አልተቀመጠችም።

«ማነው ልጆቹን አስቀድም ብሎ የመከረህ?»

«ማንም።»

«እንዲሁ ከሰማይ አልወረደልህም። ንገረኝ፤ እሱን ልርገመውና ይውጣልኝ።»

«እኔው ነኝ ዙፋን። እኔኑ እርገሚኝ።»

ሳጥኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ከዚያ «አንተንማ እንዴት አድርጌ?» አለች።

«እንጥፋ» አላት ዝቅ ብሎ። «ዛሬውኑ ባሕር ዳር እንግባ።»

«አባቴ ከሰው ፊት እንዴት ይቁም?» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አንተ ጅል… ያን ሁሉ ሰልፍ አብረን ስንሠራ፣ ለዚህ ለአንዱ ሳታማክረኝ ትቀር?»

አልመለሰላትም። መመለስ ቢጀምር ሁሉ ነገር ይወጣዋላ። ስትወጣ እኔን ጉልበቴን ሳመችኝ። እንባዋ በሱሪዬ አልፎ ተሰማኝ።

ጥር ላይ ተዳረች። ምስክር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ክፍሉን ለቆ ባሕር ዳር ገባ። ኮምፒውተሩን «እዚሁ ትቀመጥልኝ አያ» ብሎ እኔ ቤት ተዋት። እንዴት እንደምትከፈትም አሳየኝ። አልፎ አልፎ እከፍታትና እነዚያን የተንበረከኩትን ሽማግሌዎች አያቸዋለሁ። እኔንና መሪጌታን ይመስሉኛል።

ዓመታት አለፉ። አያ ክንዱ አረፉ። ዙፋን ከተዝካራቸው ወደ ቡሬ ስትመለስ፣ ጥቁር እንደለበሰች ልትጠይቀኝ ገባች። ከሳ ብላለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ባሏ ደግ ሰው መሆኑን ነገረችኝ፤ ሳልጠይቃት። ከዚያ ጥጉ ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን አየች።

«እሱ ነው?»

«እሱው ነው።»

«ይሠራል?»

«መብራት ካለ።»

የምትቀምሰው ላመጣላት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ከፍታዋለች። ሦስቱ ረድፍ እንደተሰለፉ ናቸው፤ ጎረምሶቹ ፊት፣ ጎልማሶቹ መሀል፣ ሽማግሌዎቹ ኋላ ተንበርክከው። ዙፋን እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«አያ» አለች ዞር ሳትል። «እነ አሸናፊን ያስቀደመው… በዚህ ነው?»

ዝም አልኩ። ቃል አለብኝ። ዝምታዬ ግን ከቃል ይብስ ነገራት።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ልጄ፣ አንቺ የነገርሽው ስለ ጨዋታ ነው። ሌላ ምን ብለሻል?»

ተቀመጠች። አላለቀሰችም። የማውሱን አቧራ በነጠላዋ ጠረገችና ያዘችው። ከዚያ እነዚያን ሽማግሌዎች ከኋላ ረድፍ አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ፊት ታመጣቸው ጀመር። ጎረምሶቹን ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትረሳ፣ ሁሉንም ከወንዙ ዳር አቆመቻቸው። ጦርነቱን ግን አልጀመረችውም። እንደቆሙ ተወቻቸው፣ አጠፋችው፣ ጨርቁን መልሳ አለበሰችው።

ወደ ቡሬ የሚሄደውን ሚኒባስ እስክትሳፈር ሸኘኋት።

አሁንም መብራት ሲኖር እከፍታታለሁ። እኛ ሽማግሌዎቹ አሁን ከፊት ቆመናል። ወጥቶ የሚቀበለን ግን የለም።