የአቶ ፍሥሐ ዓሣ አሟሟት

ሟቹ ዓሣ ነበር። ኢንስፔክተር ሮዳስ ይህን ያወቀችው ደብረ ብርሃን ከሚገኘው የአቶ ፍሥሐ ሳሎን ከገባች በኋላ ነው። አዛዧ በስልክ «የተመረዘ አለ፣ ፍጠኚ» ብሏት ነበር። ጣት የሚያክል ወርቃማ ዓሣ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፏል። ቤተሰቡ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከቦታል። ሮዳስ በፖሊስነት ዘመኗ ብዙ ሰው ንቃለች፤ ይህን ያህል ብዙ ሰው ባንዴ ንቃ ግን አታውቅም።

አቶ ፍሥሐ የብርድ ልብስ ነጋዴና የሰፈሩ ደብር ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ናቸው። «ትናንት ከአኳሪየሙ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ከንፈሩ ተሰነጠቀ» አሉ። «ለብቻው አውጥተን ስናስታምመው ይቺ መርዛ ገደለችብኝ።»

«ይቺ» የተባለችው ህሊና ናት፤ ከወለጋ ተፈናቅላ ከእናቷ ጋር መጠለያ ጣቢያ የምትኖር የቤት ሠራተኛ። ዘበኛው ጠዋት ወደ መጠለያው ተልኮ ለእናትየዋ በሰው ፊት «ልጅሽ መርዛ ገድላለች» ብሏቸዋል። ይህ ስም ከተለጠፈባት ከእንግዲህ የትኛውም ቤት አያስገባትም። ሮዳስ ተመልሳ ያልሄደችው ለልጅቷ ስትል ብቻ ነው።

«በሕይወት ሳለ ይዩት» ብለው አቶ ፍሥሐ ስልካቸውን አቀበሏት። ፎቶውን ልታሳልፍ ስትል ጣቷ መስታወቱ ላይ ተንሸራተተ። ጣቷን አሸተተችና ስልኩን መለሰች።

«የሳህኑን ውሃ ማን ሞላ?»

«እኔ ነኝ» አለች ህሊና። «ከአንድ ባልዲ ነው የቀዳሁት። የተረፈውን ትልቁ ውስጥ ጨመርኩት።»

በትልቁ አኳሪየም ውስጥ ሌሎቹ ዓሦች ያለ ሐሳብ ይዋኛሉ።

የአቶ ፍሥሐ ባለቤት ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ቀጠሉ። «የእንስሳት ሐኪም ደውዬ ጠይቄያለሁ። ንጹሕ ውሃ፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ከዚያ አትንኩት ነው ያለኝ። ጨውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ሐኪም ምን ያውቃል?» አለ የወይዘሮዋ ወንድም ቃለ አብ። «ቲክቶክ ላይ የሚያዙት ሰማያዊ መድኃኒት ነው።»

«ጨመርክበት?»

«ልጨምር ነበር፤ እንቅልፍ ጣለኝ።»

ጠርሙሱን አሳያት፤ ክዳኑ አልተነካም። እንዲህ ያለ ሰነፍ ነፍስ የማጥፋት ጉልበትም የለውም ብላ አለፈችው።

ሳህኑ ላይ አጎነበሰች። በረኪና አይሸትም። ውሃው ላይ ግን ነጣ ያለ ስስ ነገር ረግቶ፣ ዳር ዳሩ ሰም መስሏል። በጥፍሯ ፋቅ አደረገችና አሸተተችው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«ወይዘሮ ፍቅርተማርያም፣ ቅቤ ይኖራል?»

«በሁዳዴ? የቅቤው ዕቃ ከቅበላ ጀምሮ ታጥቦ ተደፍቷል። ያለው ዘይት ነው።»

ሮዳስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አቶ ፍሥሐ እንዲያጽናኗቸው ያስጠሯቸው የነፍስ አባታቸው አባ ወልደተንሣኤም ደርሰዋል፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ሲነገራቸው መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰዋል።

«መርዝ የለም» አለች። «ያንኑ የባልዲ ውሃ ያገኙት ሌሎቹ ዓሦች ደኅና ናቸው። ሰማያዊው መድኃኒትም አልተጨመረም፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ዓሣው የሞተው ታፍኖ ነው። ውሃው ላይ ስብ ተጋግሮ አየር አሳጥቶታል።»

«ዘይት ነዋ፣ ከዚች እጅ» አሉ አቶ ፍሥሐ።

«ወጥ ቤት ያየሁት ዘይታችሁ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ አልረጋም፤ ቅቤ ግን ይረጋል። ኮረሪማም ይሸታል፤ ስለዚህ የፀጉር ቅቤ አይደለም፣ ለወጥ የተነጠረ ነው። እዚህ ቤት በጾም ቅቤ የደበቀ ሰው አለ። ብርድ ከንፈሩን በሰነጠቀው ቁጥር ቅቤ እየተቀባ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ለዓሣውም ከንፈር ያንኑ ቀባለት። አቶ ፍሥሐ፣ ስልክዎም ኮረሪማ ይሸታል።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ከባላቸው ኪስ ቁልፍ አውጥተው ሁልጊዜ ተቆልፎ የሚውለውን የቢሮውን ቁም ሣጥን ከፈቱ። የቅቤው ብልቃጥ ተጋምሷል፤ ማንኪያው ውስጡ ቆሟል።

«ጠዋት የረጋውን ሲያዩ ምን እንደገደለው ገብቶዎታል» አለች ሮዳስ። «ቅቤው ከሚታወቅብኝ ልጅቷ ትጥፋ አሉ።»

አቶ ፍሥሐ አባ እግር ላይ ወደቁ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። ሆዴ አሸንፎኝ ነው።»

«ስለ ሆድህ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ አባ ወልደተንሣኤ። «መጀመሪያ ይቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቃት።»

አቶ ፍሥሐ ምንጣፉን እያዩ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«ለእኔ ይቅር» አለች ህሊና። «ለእናቴ ይንገሩልኝ። በሰው ፊት።»

«ዘበኛውን እልካለሁ።»

«እርስዎ ነዎት የሚሄዱት» አለች ሮዳስ። «ወይም በሐሰት በመወንጀል ከእኔ ጋር ጣቢያ ይሄዳሉ።»

አቶ ፍሥሐ መጠለያውን መረጡ፤ ሮዳስና ህሊናም አብረዋቸው ሄዱ። እናትየዋ ከሸራው ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ጠዋት ከሰሙት ወሬ በኋላ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ልጅዎ ማንንም አልገደለችም» አሉ አቶ ፍሥሐ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ሮዳስ በዓይኗ አዘዘቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እናትየዋ። ቀና ብለው ደግሞ ጠየቁ፤ «ነፍስ ይማር፣ ሟቹ ምንዎ ነበር? ልጅዎ ነው?»

አቶ ፍሥሐ ዙሪያቸውን አዩ። «ዓሣ ነው» አሉ።

እናትየዋ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ። እዚህ ሰውዬ ቤት ሁለተኛ አትሄጂም።»