በተረከዝ

«ልጅዎ ስትተኛ ታንኮራፋለች? ትንፋሿስ ቁርጥ ይልባታል?» አለች የማደንዘዣ ሐኪሟ።

«የኔ ልጅ?» እናትየው ተቆጣች። «ሴት ልጅ ብሎ አንኮራፊ! እርግብ ናት፣ እርግብ።»

ትልቋ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯን ነከሰች። እርግብ! ከታናሿ ጋር አንድ አልጋ የምትጋራው እሷ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያ ወፍጮ ጆሮዋ ስር የሚያጓራባት እሷ። ማጓራቱስ ይሁን፣ ድንገት ጸጥ ይላል እንጂ። ያኔ በተረከዟ ትረግጣታለች፤ ትንሿም ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስባ ወፍጮዋን ትቀጥላለች። ጠዋት ታዲያ የእናቷ ስድብ ለማን? «ምቀኛ! በእንቅልፏ እንኳ አትተዪያትም?»

ምቀኛስ ናት፤ ምን ይደበቃል። ትንሿ ከአጥር ወድቃ ክንዷን ብትሰብር ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካን ተሸክሞ መጣ። እሷ የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ስትሆን ማን ዞር ብሎ አያት? ነገ ግን የፍጻሜው ጨዋታ ነው። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሞቼ ካልሆነ አልቀርም» ብላታለች።

«የጠየቅኩዎት ማደንዘዣው እንዳይከብዳት ብዬ ነው» አለች ሐኪሟ። «ትንፋሿ የሚቆም ከሆነ አሰጣጡን እንለውጣለን። ነገንም እዚሁ በክትትል ትውላለች፤ እርስዎም አይለዩዋትም። ካልሆነ ዛሬውኑ ወደ ቤት።»

«ዛሬውኑ ነው እንጂ!»

ትንሿ የተኛችበት አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል መገፋት ጀመረ። ትልቋ አፏን ጥርቅም አደረገች። እሰይ፣ ዛሬውኑ። ግን እዚያ ውስጥ ጸጥ ብትልስ? ማን ይረግጣታል?

«ታንኮራፋለች!» ብላ ጮኸች። «ትንፋሿም ይቆማል!»

እናትየው በዓይኗ ቆነጠጠቻት። «አንቺ ክፉ፣ ዛሬም ቀናሽባት?»

«አዎ፣ እቀናባታለሁ። ግን ይቆማል።»

ሐኪሟ አልጋውን በእጇ ያዝ አደረገች። «በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኛ የምረግጣት።»

ትንሿ ከትራሷ ቀና አለች። «እውነቷን ነው እማዬ። ካልረገጠችኝ አየር ያጥረኛል።»

ሐኪሟ ነርሷን ጠርታ የክትትል አልጋ እንዲዘጋጅ አዘዘች። እናትየው አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ወደ ትልቋ ዞራ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ «ጨዋታሽስ?» አለች።

ቅናቱ ትልቋን አሁንም አልለቀቃትም። የበረኛ ጓንቷ የታጨቀበትን ቦርሳ አንስታ አነገተች።

«ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቺ እዚህ ሁኚ። ማታ ጸጥ ካለች ነርሷን ጥሪ፤ እስክትመጣ ጭኗ ላይ በተረከዝ ነው። በእጅ ስትነካኪያት አትነቃም።»