ከመድረኩ በታች

ሩበን ማኒጎልትን መጀመሪያ ያየሁት እኔ በለጠፍኩት ፖስተር ላይ የራሱን ሲለጥፍ ነው። በሃርፐር ላንዲንግ የዓሣ ገበያ ግድግዳ ላይ የወይዘሮ ሆርቴንስ ሮውንትሪ ፊት ከአፍንጫቸው በታች ጠፍቶ፣ በቦታው የአንድ ነጭ ሴናተር አገጭ ተተክቷል።

«አንተ፣ ሰው አይታይህም?» አልኩት።

ዞር አለ። ሙጫ የነካው ብሩሽ በእጁ ነው። ረጅም ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። መልኩ ማማሩ ይበልጥ አናደደኝ።

«ይታየኛል። ግን እህቴ፣ እኚህ ሴትዮ አያሸንፉም» አለኝ፤ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሥራው የቀብር መድን መሸጥ ስለሆነ ያ ድምፅ ለምዶበታል።

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ሰው።»

«የሚመርጠውም እኮ ሁሉም ሰው ነው፣ አንተ ሞኝ።»

ሳቀ። እሱ እየሳቀ የሴናተሩን አገጭ ቀድጄ ጣልኩት።

ወይዘሮ ሮውንትሪ ከኦሃዮ የተመረጡ የኮንግረስ አባል ናቸው። ጥቁር ሴት ሆነው ፕሬዚዳንት ልሁን ብለው፣ የፓርቲያቸው ዕጩ በየግዛቱ ተራ በተራ ለሚመረጥበት ምርጫ ጆርጂያ ሲመጡ፣ የካውንቲያችንን ቅስቀሳ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ነጮቹ ቢጠሏቸው አይገርመኝም፤ በስልክ የሚያወርዱብኝን ስድብ ለምጄዋለሁ። ያንገበገቡኝ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ፀጉር ቤት ብሄድ፣ ነዳጅ ማደያ ብቆም፣ ሁሉም «እወዳቸዋለሁ፣ ግን» ይለኛል። ከዚያ «ግን» በኋላ ያለውን ሳልሰማ መሄድ ለምጄ ነበር።

ሩበንም «ግን» ከሚሉት አንዱ ነው። አባቱ ፓስተር ማኒጎልት የማውንት ኔቦ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሪ ናቸው፤ በካውንቲው ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ የሚያስነጥስ ጥቁር የለም። ለሴናተሩ ቃል ገብተዋል። ሩበን አንድ ልጃቸውና ዲያቆናቸው ስለሆነ ፖስተሩን ተሸክሞ ይዞራል።

ከዚያ ቀን በኋላ አመሻሽ ላይ ቅቅል ለውዝ በወረቀት ከረጢት ይዞ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ለውዙን እየፈለፈልን እንጨቃጨቃለን።

«ያ ሰውዬህ የዱቄት ከረጢት ነው» እለዋለሁ።

«የዱቄት ከረጢቱ ግን ዋይት ሀውስ ይገባል» ይለኛል።

እናቴ በመስኮት በኩል «ወይ ተጋቡ ወይ ዝም በሉ፤ ቴሌቪዥኑን አልሰማ አልኩ» ትላለች። አንድ ቀን ይህን ስትል ሩበን ለውዙን አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እናትሽ ትክክል ናቸው» አለኝ። «ዝም ማለት አንችልም። ስለዚህ ታገቢኛለሽ?»

ለረጅም ጊዜ አየሁት። እሱም ዓይኑን አልሰበረም። እሺ አልኩት፤ በማግስቱም ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናገርኩ።

ከምርጫው ማክሰኞ በፊት ባለው እሑድ ወይዘሮ ሮውንትሪ ማውንት ኔቦ መጥተው እንዲናገሩ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሴት የስብከቱ መድረክ ላይ አትወጣም። በሴቶች ቀን እንኳ የምትናገረው ከታች ወለሉ ላይ፣ ማስታወቂያ ከሚነበብባት ትንሽ ጠረጴዛ ጋር ቆማ ነው። በዚህ ሥርዓት አድጌያለሁ። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ያ ሴናተር፣ ባፕቲስት እንኳ ሳይሆን፣ ማስቲካ እያኘከ መድረኩ ላይ ወጥቶ የፓስተሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ዕለት ሩበን መጣ። ለውዝ አልያዘም።

«አባዬ ከታች ሆነው ይናገሩ ብለዋል» አለኝ።

«ሴናተሩስ?»

«እሱ እንግዳ ነበር።»

«እሳቸውስ ምንድን ናቸው? የቤት ድመት?»

«ሥርዓት ነው፣ ዴልፊን። ለእናቴም ሥርዓት ነበር።»

«እናትህ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ነበር?»

ወደ መድረኩ የምታስገባ አጭር የእንጨት በር አለች፤ ተረኛው ዲያቆን ነው የሚከፍታት። በዚያ እሑድ ተረኛው ሩበን ነበር።

«ክፈትላቸው» አልኩት። «አባትህን አትሳደብ፣ ንግግር አታድርግ። በሯን ብቻ ክፈትላቸው።»

«ባልከፍትስ?»

«ሠርጉን እርሳው።»

እጄን ያዘ። «እከፍታለሁ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ወይዘሮ ሮውንትሪ አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ከመንገዱ ብዛት ሰልሏል፣ ጫማቸው ጠቧቸዋል። ከታች ይናገሩ መባሉን በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የጭነት መኪና ላይ ቆሜም ድምፅ ለምኜ አውቃለሁ። በእኔ ምክንያት ከሰዎችሽ ጋር እንዳትጣዪ።»

«ከተጣላን ቆየን» አልኳቸው።

ፓስተሩ ተነሡና «እህታችን ሮውንትሪ አጭር ሰላምታ ያቀርባሉ፤ ከታች» አሉ። «ከታች» የምትለዋን ረገጥ አድርገው ነው ያሏት።

ወይዘሮዋ ተነሥተው ወደ ፊት ሄዱ። ሩበን ከእንጨቷ በር አጠገብ ቆሟል፣ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ከሁለተኛው ረድፍ ሆኜ ጣቶቹን አያለሁ። ቀና ብሎ አባቱን አየ። ፓስተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቁ። ከዚያ ሩበን ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኖቹ እየለመኑኝ ነበር። ከገባልኝ ቃል እንድፈታው እንደሚለምነኝ አውቄያለሁ፣ አልፈታሁትም። እጁን ከመቀርቀሪያው አነሣና በዚያው እጁ በትህትና ትንሿን ጠረጴዛ አሳያቸው።

ከጠረጴዛዋ ጋር ቆመው ተናገሩ። ኋላ ያለው ሰው ባርኔጣቸውን ብቻ ነበር የሚያየው። የመኪና ቁልፍ ጠፋ ሲባል እንኳ «አሜን» የሚል ጉባኤ በዚያ ቀን አንድም «አሜን» አልወጣውም። ሴቶቹ ጭናቸው ላይ ያለውን ቦርሳ ያያሉ፤ ወንዶቹ ፓስተሩን። አንድ በአንድ እያየሁ ጠላኋቸው፣ ሩበንን ከሁሉ አስበልጬ።

ረቡዕ ጠዋት ውጤቱ ታወቀ። በጆርጂያ ክፉኛ ተሸንፈናል። በእኛ ካውንቲ ግን ወይዘሮዋ አሸንፈዋል፤ ማውንት ኔቦ ምድር ቤት በነበረው ምርጫ ጣቢያ ደግሞ ከሦስት ሰው ሁለቱ የመረጠው እሳቸውን ነው። ጋዜጣውን ደጋግሜ አነበብኩት። እነዚያ «ግን» ሲሉኝ የከረሙት፣ እነዚያ አፋቸውን ለጉመው የተቀመጡት፣ የድምፅ መስጫውን መጋረጃ ጎትተው ማንም ሳያያቸው መርጠዋቸዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጋዜጣውን ጨምድጄ ወረወርኩት።

ከሰዓት በኋላ ሩበን መጣ። ደረጃው ላይ አልተቀመጠም። የጎረቤታችንን መስኮት ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔም እሳቸውን ነው የመረጥኩት።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለአንቺ።»

«ለአባትህስ?»

ጫማውን አየ።

«አባትህም እኮ መርጠዋቸው ይሆናል» አልኩት። «ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ስትዋሹ ታየኝ።»

«ዴልፊን፣ ነገ ሳቫና እንሂድ። ዳኛ ፊት ተፈራርመን እንጋባ። ለአባዬ እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ተነሥቶ ሻንጣውን ሊይዝ ነበር። እወደዋለሁ። ያ የቀብር መድን ሻጭ ድምፁ እንኳ ከእሑድ ወዲህ ናፍቆኛል። አንድ እርምጃ ብጠጋው ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር።

«እሳቸውን መጋረጃ ጋርደህ መረጥካቸው» አልኩት። «እኔንም መጋረጃ ጋርደህ ልታገባኝ ነው።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። እሳቸውንም ትወዳቸው ነበር።»

ትንሽ ቆመ። የሚለኝ ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱም እኔ የምለውን የጠበቀ ይመስለኛል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሮውንትሪ ቀጣዩ ምርጫ ካለበት ከኢሊኖይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ጨርሶ ተዘግቷል።

«ካውንቲሽ ውስጥ አሸንፈናል አሉኝ። ያን ሁሉ ዝምታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዴት አድርገሽ ነው?»

«እኔ ምንም አላደረግኩም። ማንም ስለማያያቸው ነው።»

ገብቷቸዋል። «እዚህ ሰው ያስፈልገኛል፣ ልጄ። ትመጫለሽ?»

«ዛሬውኑ እነሣለሁ።»

«ያ በሩ ጋ የነበረው ረጅሙ ልጅስ? እጮኛሽ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እሱም ከመረጡዎት አንዱ ነው» አልኳቸው።