አራት መቶ ስልሳ አምስት ሜትር

መካኒኩ አሮጌውን ጎማ ከቸርኬው ላይ ፈልቅቆ ሲያወጣ፣ ካርታ ሠሪዋ የብስክሌቷን መሪ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። መያዝ አያስፈልግም ነበር፤ ብስክሌቱ ከጣሪያው በወረደ መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ግን ልቀቂው አላላትም።

«ይሄኛው ሰፊ ነው» አለ አዲሱን ጎማ እያሳያት። «ጠጠሩ ላይ አያንሸራትትሽም።»

«እኔን መቼ አንሸራተተኝ? የወደቅከው አንተ ነህ።»

«የወደቅኩት መንገድ መሃል ተገትረሽ ስለጠበቅሽኝ ነዋ።»

«አልጠበቅኩህም። እየጻፍኩ ነበር።»

ይህን ክርክር ለአራት ወር ያህል ሲመላለሱበት ቆይተዋል። በሸለቆው ውስጥ ከወንዙ ጎን ለጎን ደኑን ሰንጥቆ የሚሄድ፣ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጠጠር መንገድ አለ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱ ተነቀለ፣ ጠጠር ተደለደለበት፣ ለመኪናም ተዘጋ። የመንገዱ ጽሕፈት ቤት ለብስክሌት ነጂዎች ካርታ እንድትሠራ እሷን ቀጠራት። አንድ ቀን ጠዋት ኩርባ ላይ ብስክሌቷን አቁማ ማስታወሻ ስትይዝ፣ አንድ ሰው ደወሉን እያቃጨለ ቁልቁል መጣ፤ አያት፣ ፍሬን ያዘ፣ ከነብስክሌቱ ሳማ ውስጥ ገባ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ክንዱን እያከከ ሲነሳ።

«ኩርባውን እየመዘገብኩ ነው።»

«ለምን? ይጠፋል ብለሽ ነው?»

ሳቀች። ሰው ፊት እንዲያ ጮክ ብላ ስቃ ስለማታውቅ በገዛ ሳቋ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ የብስክሌቷ ብልሽት በዛ። ያልላላ ብሎን ላላ ብላ ታመጣለታለች፤ እሱም ያልላላውን ብሎን አጥብቆ ይመልስላታል።

ዛሬ ግን ጨዋታው አልዘለቀም። ሁለቱንም ጎማዎች ቀይሮ፣ ነፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ሞከራቸው። ከዚያ የሚሠራው ነገር ሲያልቅበት እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እጁ ከጠራ በኋላም መጥረጉን አላቆመም።

«አጎቴ ትልቁ ከተማ ያለውን ሱቁን ያዝልኝ ብሎኛል» አለ። «እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋል።»

«ጥሩ ሱቅ ነው?»

«ጥሩ ነው።» ጨርቁን አጣጠፈው። «የምቀርበት ምክንያት ካለ ግን እቀራለሁ።»

መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ጭንቀቷን አይቶ ቶሎ ብሎ፦

«አሁን አትመልሺልኝ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ የመንገዱ መሃል፣ አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ አልሄድም። ካልመጣሽ ደግሞ ምንም እንድትይ አልፈልግም። አላነሳውም፣ አታነሺውም። ማናችንም አንፈርም።»

ለዓይነ አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አይገኝም። ራሷን በመነቅነቅ ተስማማች። ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች።

ቅዳሜ ገና በጊዜ ወጣች። መግቢያው ላይ ስትደርስ፣ መሪዋ ላይ የታሰረውን ትንሽ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ እንደ ልማዷ ወደ ዜሮ መለሰችው። ጉሙ ከወንዙ ላይ አልተነሳም። ከጎማው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠርና ከወፎች በቀር ድምፅ የለም። መኪና የማይሰማበት መንገድ ሰውን የራሱን ሐሳብ ያሰማዋል፤ የሷ ሐሳብ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ዳገቱ አልከበዳትም። ቆጣሪው አሥራ አራት ሲል ወረደች። ወንዙ በሁለት ኮረብታ መካከል ጠብቦ ድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚጮህበት ቦታ ነው። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን አስተካከለች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ስልኳን አወጣች፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ እንደሌለ እያወቀች አወጣችው። አምስት ሰዓት ላይ ለሱ ምክንያት ትፈልግለት ነበር፦ ደንበኛ ይዞት ይሆናል፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት ተበጥሶበት ይሆናል። ስድስት ሲሆን ምክንያቱ አለቀባት።

በመጣችበት መመለስ አስጠላት። ወደፊት እስከ መንገዱ ጫፍ ነዳች፣ ከልማድ የተነሳ ቆጣሪው ያለውን ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው ባዶ መንገድ ተመልሳ፣ ደብተሩን ቢሮ አስቀምጣ ቤቷ ገባች። አላነሳውም፣ አታነሺውም ብሏል። አልመጣም ማለት መልሱ እሱ ነው። እንግዲህ ዝም ማለት የሷ ተራ ነው።

እሑድ እናቷ ሁለት ጊዜ ሳህኗን አይተው ሁለት ጊዜ ፊቷን አዩ።

«ያ ባለ ደወል ጎማሽን ነፍቶ አንቺን አስተነፈሰሽ?»

«እማዬ፣ ደክሞኝ ነው።»

«እግርሽ ነው የደከመሽ ወይስ ሌላ?»

ከሳህኗ ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። እናቷም አልገፉበትም፤ ሳህኗን ብቻ ወደሷ ጠጋ አደረጉላት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ደብተሯን ገልጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠበቋት። ዕድሜያቸውን በሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ናቸው።

«ነይ እስቲ፣ ልጄ። ባለፈው ወር መንገዱ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው ብለሻል። የባቡሩም መዝገብ ሃያ ስምንት ይላል። ቅዳሜ ደግሞ ሃያ ሰባት ከመቶ ሜትር ብለሽ ጽፈሻል። በሁለት ቀን ዝናብ ተኮማተረ?»

«ተሳስቼ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«አንቺ ከተሳሳትሽ እኔ ዛሬውኑ ጡረታ ልውጣ። ለመሆኑ ይሄ ቆጣሪሽ እንዴት ነው የሚቆጥረው?»

«ጎማው የዞረበትን ነው፣ ጋሼ። አንድ ዙር ሲዞር ይህን ያህል ሄደ ብሎ... እኛ በሞላንለት በጎማው ልክ...»

ድምፅዋ ተቋረጠ። ሰፊ ጎማ። አንድ ጊዜ ሲዞር ከቀጭኑ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን ይህን የነገረው የለም፣ አሁንም በቀጭኑ ጎማ ልክ ነው የሚያስበው። እርሳስ አንስታ የደብተሩ ጠርዝ ላይ አሰላች። እንደገና አሰላች። ቆጣሪዋ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሲላት፣ እውነተኛውን አሥራ አራት አራት መቶ ስልሳ አምስት ሜትር አልፋው ነበር።

መንገዱ በሚጠማዘዝበት ደን ውስጥ፣ የሚጮህ ወንዝ አጠገብ፣ አራት መቶ ስልሳ አምስት ሜትር።

«ጋሼ፣ ልውጣ?»

«አሁን ገብተሽ? ወዴት?»

«ስህተቱን ላርም።»

ሽማግሌው ፊቷን አዩና መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ። «ሂጂ። ዘጠኝ መቶ ሜትሬን ይዘሽ ተመለሽ።»

የመካኒኩ ሱቅ በር ገርበብ ብሏል። ወለሉ ላይ ሁለት ካርቶን አለ፤ አንደኛው በብሎን መፍቻ ቁልፎችና በፔዳሎች ተሞልቶ ታስሯል። እሱ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የውስጥ ጎማ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የተበሳውን ቦታ በሻካራ ወረቀት ይፈገፍጋል። ሲያያት ብድግ ሊል ብሎ ተወው።

«ብስክሌቱ ምን ሆነ?» አለ ወደ ጎማው እያየ።

ሮጣ ስለመጣች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባትና የቀራትን አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ረቡዕ ጎማውን ስትቀይር ቆጣሪውን አስተካክለኸዋል?»

«የቱን ቆጣሪ?»

«የኔን። አዲሱን የጎማ ልክ ሞልተህበታል?»

እጁ ቆመ። ወደ ባዶው መንጠቆ ቀና ብሎ ረቡዕን አንድ በአንድ ሲያስታውስ አየችው።

«አልሞላሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን እንኳ ረስቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ምን ብዬ እንደምነግርሽ ነበር የማስበው።»

«እኔ ቅዳሜ አሥራ አራት ላይ ነበርኩ። ያንተ አሥራ አራት ላይ አይደለም፣ የኔው ላይ። ወንዙ የሚጮህበት ጋ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጀምሮ እስከ ስድስት።»

ሻካራው ወረቀት ከእጁ ወደቀ።

«መጥተሽ ነበር?»

«አንተስ?»

«እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብዬ ነበር። ከኩርባው ወዲህ፣ የኔ ቆጣሪ አሥራ አራት ያለበት ላይ። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር እየተነሳሁ።» ፊቱን በመዳፉ አበሰ፤ ጉንጩ ላይ ጥቁር ቅባት ቀረ። «ትናንት ለአጎቴ እመጣለሁ አልኩት።»

«ዛሬስ?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አጎትየው ገና በሁለተኛው ጥሪ አነሱት፤ ድምፃቸው ሱቁን ሞላው።

«ተነሳህ እንዴ? አልጋህን አስነጥፌልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ። እዚሁ ልቀር ነው።»

«ምን ማለት ነው? ትናንት እመጣለሁ፣ ዛሬ እቀራለሁ?»

«ትናንት የማላውቀው ነገር ነበር።»

አጎትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ማን ናት?»

ካርታ ሠሪዋ አንገቷ ድረስ ቀላች። እሱ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኗን ልትሰብር ነበር፣ አልሰበረችም።

«ካርታ የምትሠራ ናት፣ ጋሼ።»

«እህ። እንግዲያ አትጠፋህም» አሉና ሳቁ። «አልጋውን ሁለታችሁ ስትመጡ ለአንቺ ነው የማነጥፈው በላት፤ አንተ መሬት ትተኛለህ።»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ከቅዳሜ ወዲህ ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር መቼ እንደተነሳ አላወቀችም፤ ብቻ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ይወርዳል። የታሰረውን ካርቶን ክር ፈታችና ቁልፎቹን እያወጣች በየቦታቸው ግድግዳው ላይ ሰቀለች። የቱ የት እንደሚሰቀል ሳትጠይቀው ታውቅ ነበር።

«ቆጣሪሽን አምጪው፣ ላስተካክለው» አላት ኋላ።

«ይደርሳል። ያ ጎማ የማን ነው?»

«የፖስተኛው። እስከ ስምንት ሰዓት እጨርሳለሁ ብዬዋለሁ።»

«እንግዲያ ጨርስለት። እኔ ልያዝልህ።»

ጠጋ ብላ በርጩማ ሳበች። እሷ ጎማውን ወጥራ ያዘች፤ እሱ ማስቲሹን ቀብቶ እፍ እያለ አደረቀ፣ መጣፊያውን ለጥፎ በአውራ ጣቱ ተጫነው። እሷም ጣቷን ከጣቱ አጠገብ አሳርፋ አብራ ተጫነች፤ ለመጣበቅ ከሚያስፈልገው በላይ ረዥም ጊዜ ተጫኑት። ከዚያ ነፍቶ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነከረውና ቀስ እያለ አዞረው። ጎንበስ ብለው አዩ። አረፋ አልወጣም።

በጨርቅ አድርቆ አስተነፈሰው፣ ጠቀለለው፣ በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው።